ከሁለት ዝርዝር የተሰረዘ ሹፌር

ሰይድ ሞተ ሲሉኝ አላመንኩም። ደዋዩን «የትኛው ሰይድ?» አልኩት፤ ቆቦ ሙሉ ሰይድ ነው። «የአውቶቡሱ ሰይድ ነው አያ ሞላ፤ የእኛው» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ለራሱ ለሰይድ ደወልኩ። ያነሳው የማላውቀው የጎብዬ ሰው ነው።

ከአዲስ አበባ ሲመለስ ደሴ አድሮ ዛሬ ማለዳ ተነስቷል። ጎብዬ ሊገባ ሲል አውቶቡሱን ከአስፋልቱ አወጣ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ተሳፋሪው ለሽንት የቆመ መስሎት ወረደ። ሲመለሱ መሪው ላይ ተደፍቶ አገኙት። ከተሳፋሪው አንድ ሰው አልተቧጨረም።

ያለ እረፍት ሲነዳ ስድስተኛ ቀኑ ነበር።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሰይድ በአንድ የአውቶቡስ ኩባንያ ከሃያ ዓመት በላይ ነድቷል። የሹፌሮቹ ማኅበር የቅድምና ዝርዝር ነበረው፤ ቀድሞ የተቀጠረ ቀድሞ መስመር ይመርጣል፣ ቀድሞ እረፍት ይወጣል። ረጅም መንገድ በሁለት ሹፌር ነበር። አዲስ አበባ የገባ ደግሞ አንድ ቀን ሳያርፍ አይመለስም። ዝርዝሩን በእጁ ጽፎ መናኸሪያው ቢሮ ግድግዳ ላይ የለጠፈው ሰይድ ነው።

አንድ ቀን ትኬት ልቆርጥ ቆሜ ሳለሁ፣ የኩባንያው አለቃ የእህቱን ልጅ ከዝርዝሩ ላይኛው ቦታ እንዲጽፍለት ሰይድን ጠየቀው። ሰይድ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ።

«እኔ ተራዬን አውቃለሁ። ልጁም ከታች ገብቶ ተራውን ይልመድ።»

«አንተ ዘመድ የለህም እንዴ?»

«አለኝ። እሱም ከታች ነው፤ አሥራ ሰባተኛ።»

ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። «ተራዬን አውቃለሁ» ዳቦ ቤትም፣ ቀበሌም፣ ወፍጮ ቤትም የማትለየው ቃሉ ነበረች።

አምና ኩባንያው ሹፌሮቹን ለሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ አሳልፎ ሰጠ። አውቶቡሱ ያው፣ መንገዱ ያው፣ ሰውየው ያው፤ ወረቀቱ ላይ ግን ሁሉም አዲስ ተቀጣሪ። ዝርዝሩን ከግድግዳው ላይ ቀደዱት። ሁለተኛ ሹፌር ቀረ። የተደወለለት ይነዳል፤ ስልክ ያላነሳ ዳግመኛ አይደወልለትም። ሰይድ እረፍት ሲጠይቅ ኩባንያው «አንተ የኤጀንሲው ሠራተኛ ነህ» ይለዋል። ኤጀንሲው «ፕሮግራም የሚያወጣው ኩባንያው ነው» ይለዋል።

ዛሬ ሁለቱም ፎቶውን ከሻማ ሥዕል ጋር ፌስቡክ ላይ ለጥፈዋል። «ውድ ባልደረባችን» ይላሉ። ያስጸይፋል። ዝርዝሩ ሲቀደድ እጃቸውን አጣጥፈው ያዩ ሹፌሮችም እየተቀባበሉ ሼር ያደርጉታል። በሕይወት እያለ አንድ ቀን አብረውት ቢቆሙ ኖሮ ይህ ሁሉ ሻማ ባላስፈለገ።

በእነሱ ላይ ብቻ ጽፌ ብተወው ግን እኔም አስጸያፊ ነኝ።

ሙስሊምም ክርስቲያንም የምንቀባበርበት እድር፣ የሰፈራችን ቅሬ፣ ዳኛው እኔ ነኝ። ሕጋችን አጭር ነው። ሰው ሲሞት አባሉ ራሱ መጥቶ ይቆፍራል። ሦስት ቀብር የቀረ ይሰረዛል፤ የተሰረዘን ቅሬው አይቀብርም። ሰይድ ሁለት ጊዜ ቀረ፤ መንገድ ላይ ነበር። በሦስተኛው አንድ የቀን ሠራተኛ አካፋ ተሸክሞ መጣና «ሰይድ ልኮኝ ነው» አለ። መለስኩት።

ሰይድ ከመንገድ ደወለልኝ።

«አያ ሞላ፣ ሰውየውን ለምን መለሱብኝ?»

«ቅሬ በተላላኪ አይሆንም።»

«ኩባንያው እኔን ለሌላ ሲሰጠኝ ዝም ተባለ። እኔ አንድ አካፋ ብልክ ወንጀል ሆነ?»

«ያ የእነሱ ሕግ ነው። ይህ የእኛ ነው።»

ሳቀ። «ይሁን። እርስዎ እንኳ ራስዎ ነዎት የሚያባርሩኝ፤ በኤጀንሲ አይደለም።»

በዚያው ሳምንት ስሙን ሰረዝኩት። ለምን እንደቀረ አውቅ ነበር። ሕግ ሕግ ነው ብዬ ሰረዝኩት።

ዛሬ አባላቱ ደጄ ላይ ቆመው «ሰይድ ከመዝገብ ወጥቷል፤ እንዴት ይሁን?» አሉኝ። ቤተሰቡ ቀባሪ ፍለጋ ሊወጣ ነው። መዝገቡን አወጣሁ። ከታች እንደ አዲስ ገቢ ልጽፈው እችል ነበር፤ ያንን ኩባንያው አድርጎበታል። በጥንቱ ቦታው፣ ከሰረዝኩት ስም በላይ፣ መልሼ ጻፍኩት። ይህን ደንብ ስጥስ የመጀመሪያዬ ነው። የሚቃወም ካለ መቃብሩ ላይ ይንገረኝ፤ አካፋውን ግን ይዞ ይምጣ።

ሰይድ፣ ዛሬ ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ነው የምትቀበረው። በዕድሜ ብንሰለፍ ከፊትህ እኔ ነበርኩ፤ አንተ ደግሞ ተራ ማዛባት አታውቅም ነበር። አላህ በራህመቱ ይቀበልህ። እረፍ፤ ከእንግዲህ የሚደውልልህ የለም።

እኔ በእርጅና ከመቆፈር ነፃ ከወጣሁ ቆይቷል። አባላቱ «ልጅዎን ይላኩ» እያሉኝ ነው። አልልክም። ራሴ እመጣለሁ።