አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩት መብራት

ወሬው የደረሰኝ ጀሞ፣ ከብሎካችን ጀርባ ባለው የልብስ ማስጫ ገመድ ሥር ቆሜ አንሶላ ስጨምቅ ነው። ከሐሙስ የጸሎት ህብረታችን አንዷ ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ ስትመለስ አየችኝና ጠጋ አለች። የሠራሁላት የስልክ መብራት ሽቦዋ ተነቅሎ፣ ምድር ቤት ያለችው ስልክ ጠጋኝ ጋ ወስዳ እንዳስበየደቻት ነገረችኝ።

"ምስክርነትሽንም ነገርኳት" አለችኝ ደስ ብሏት። "ይቺን ለእህታችን ጌታ ነው ያሳያት፣ ከሰው አልተማረችውም አልኳት።"

"እሷስ ምን አለች?"

"ምን ትላለች፣ ዝም ብላ በየደችው። ስትጨርስ፣ 'ብየዳውንም ከላይ ጠበቅ አድርገው ቢልኩት ጥሩ ነበር' አለችኝ።" ይህን ብላ ሳቀች። ሴትዮዋ እንዲህ ቀልደኛ መሆኗን አላውቅም ነበር ብላም ጨመረችልኝ።

እኔ አንሶላውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ውሃው በክንዴ ወርዶ እጅጌዬ ውስጥ ሲገባ ይሰማኛል። ያቺን መብራት መሥራት ያስተማረችኝ ራሷ ስልክ ጠጋኟ ነበረች።

እኔ ትውልዴ ከሆሳዕና ወዲያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሥጋ ዘመድ የለኝም፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋሁ እኖራለሁ። ስታመም ሾርባ ይዘው የሚመጡት፣ ወንድሜ የሞተ ጊዜ ምንጣፌ ላይ ሦስት ቀን አብረውኝ ያደሩት የህብረቱ ሴቶች ናቸው። ይህን የምጽፈው ለማመካኘት አይደለም። ያን የመሰከርኩ ቀን ምን አጣለሁ ብዬ ፈርቼ እንደነበረ እንዲታወቅልኝ ነው።

ደግሞ ጠንቃቃ ነኝ። የጋዙን ሲሊንደር ዘግቼ ወርጄ፣ ከደረጃው ተመልሼ እንደገና የማይ ሰው ነኝ። ውሸት የሚባል ነገር ከአፌ እንዳይወጣ ስጠነቀቅ ነው የኖርኩት።

በብሎካችን ውሃ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ አይወጣም። ተራችን በሚደርስበት ቀን ጎህ ሳይቀድ ተነስተን ከግቢው ቧንቧ በጀሪካን እንቀዳለን። የደረጃው አምፖሎች ከተቃጠሉ ቆይተዋል፤ ኮሚቴው "ይቀየራሉ" ይላል። በሁለት እጁ ሁለት ጀሪካን የያዘ ሰው መብራት በምን ይይዛል? እኔ ስልኬን በጥርሴ ነክሼ ነበር የምወጣው። አንድ ማለዳ ሦስተኛው ፎቅ ላይ አስነጠሰኝና ስልኩ በደረጃው እየነጠረ ወረደ። ስልኩ ተረፈ፣ መብራቱ ግን ያኔውኑ ሞተ።

ወደ እሷ ሱቅ የወሰደኝ ይህ ነው። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች የስልጤ ልጅ ናት፤ የሂጃቧን ጫፍ ከአገጯ ሥር ወሽቃ፣ አጉሊ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ ነው የምትሠራው። ስልኬን ፈትታ እያየች ሳለ አንድ ሰውዬ አንገቱን አስግጎ፣ "ባለሙያው የለም እንዴ?" አለ።

"ወጥቷል" አለች ቀና ሳትል። "እስኪመጣ እኔ ልሞክርልዎት?"

አፍታም ሳትቆይ ሠርታ ሰጠችው። ሰውዬው ባለሙያውን አመስግኝልኝ ብሎ ሄደ። በዚያ ሱቅ ውስጥ ከእሷ ሌላ ባለሙያ ኖሮ አያውቅም። እኔ ተናደድኩ። ሙያሽን እንዴት ለሌለ ወንድ ትሰጪያለሽ፣ እኔ ብሆን በፍጹም ዝም አልልም አልኳት። ያን ያልኩት በዚህ አፌ ነው።

"እትዬ፣ ስንቱን ልቆጣ? ከተቆጣሁ እጄ ይንቀጠቀጣል" አለችና ሳቀች።

ለስልኬ የሚሆን የመብራት ዕቃ እንደማይገኝ ነገረችኝ። ግን ከታች በቻርጀሩ ቀዳዳ የሚሰካ መብራት መሥራት ይቻላል አለች፤ ስልኩን ባንገቴ ሳንጠለጥለው መብራቱ ቁልቁል እግሬን ያያል፣ እጆቼም ነጻ ይሆናሉ። እሷው ሠርታ ልትሰጠኝ ትችል ነበር። ጣቶቼን አየቻቸውና መርፌ የለመደ እጅ ብየዳ አያቅተውም፣ ቅዳሜ ነይ አለችኝ።

ሦስት ቅዳሜ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን ከአሮጌ ቻርጀር ሽቦ ቆርጠን ልጣጩን ገፈፍን፤ ውስጡ ፀጉር የሚያህሉ ሽቦዎች ነበሩ። ቀዩንና ጥቁሩን ለይታ አሳየችኝ፤ እኔም ደብተሬ ላይ በየቀለማቸው ሣልኳቸው። አምፖሏ ከተሰበረ የቻይና ፋኖስ የወጣች፣ ሽምብራ የምታህል ኤልኢዲ ናት፤ አንዱ እግሯ ከሌላው ይረዝማል፣ ረጅሙ የቀዩ ነው። በመሃል ሬዚስተር የሚሏት ባለ ቀለበት ቁራጭ ትገባለች።

"ይቺ ልጓም ናት" አለችኝ። "ካላስገባሻት አምፖሏ አንዴ ደስ ብሏት ትሞታለች።"

የሚያስቸግረው መሰኪያው ነበር። ስልክ ኃይል መቀበል እንጂ መስጠት አልለመደም፤ በመሰኪያው ጠርዝ ያሉትን ሁለት ጥቃቅን ጥፍሮች በቀለጠ የብየዳ እርሳስ ካላገናኙለት አንድ ጠብታ አይሰጥም። እዚያ ላይ ሦስት መሰኪያ አቃጠልኩ፤ አራተኛውን እሷ በየደችልኝ። አንዴም አልተቆጣችኝም። አዛን ሲል መጋረጃዋን ጋርዳ ለሶላት ስትገባ የጋለውን መበየጃ ለእኔ አደራ ትሰጠኝ ነበር፤ እሷ ከመጋረጃው ወዲያ ስትሰግድ እኔ ከወዲህ በልቤ እጸልያለሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ መብራቷን በአሮጌ እስክርቢቶ ቀፎ ውስጥ አስገብተን በማስቲሽ አሸግናትና ስልኬ ላይ ሰካኋት። በራች። እንደ ሕፃን አጨበጨብኩ።

ህብረታችን ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በየተራ ቤት ነው። ከመዝሙር በኋላ እያንዳንዷ ጌታ ያደረገላትን ትመሰክራለች። የአንዷ ልጅ ሥራ አግኝቷል፣ አንዷ ከሕመሟ ተነስታለች። የእኔ ለዓመታት ያው ነበር፤ "ጌታ ይባረክ፣ ሳምንቱን በሰላም አሳልፎኛል" እልና እቀመጣለሁ። ማንም "አሜን"ን አይነፍገኝም፤ ግን ሞቅ ብሎ አይወጣም።

በዚያ ሐሙስ ሰማዩ በዝናብ ጠቁሮ፣ መብራትም ጠፍቶ ነበር። መሪያችን መጽሐፍ ቅዱሱን ወደ መስኮቱ ብታዘነብለውም ፊደሉ አልታይ አላት። እኔ ከቦርሳዬ መብራቷን አውጥቼ ስልኬ ላይ ሰካሁና ገጹ ላይ አበራሁላት። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ከየት አመጣሽው አሉኝ። ሠራሁት አልኩ።

"አንቺ? ማን አስተማረሽ?" አለች መሪያችን።

ቀደም ሲል ከመካከላችን አንዷ በቀልድ፣ "ሐሙስ የኛ ነሽ፣ ቅዳሜ የሷ" ብላኝ ነበር፤ ስልክ ጠጋኟን ማለቷ ነው። ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ሱቋ ስገባ የሚያየኝ እንዳለ በረንዳውን ቀና ብዬ አይ ነበር። ይህ ትዝ አለኝ። ዓይኖቻቸውም ደስ አሉኝ፤ ይህንንም አልደብቅም። አንድ ጊዜ እንኳ የራሴ የሆነ ነገር ይዤ ቆሜያለሁ።

"ጌታ ነው ያስተማረኝ" አልኩ።

"አሜን" ቤቱን ሞላው። መሪያችን እጇን በመብራቷ ላይ ጭና ጸለየች። ወደ ቤቴ ስመለስ፣ መልካም ነገር ሁሉ ከእርሱ አይደለምን እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። የተጠየቅኩት ግን ይህን አልነበረም።

አምስት እህቶች ለእኛም ሥሪልን አሉኝ። ተመልሼ እሷው ጋ ሄድኩ፤ ለዘመዶቼ ነው አልኳት።

"ዘመድ የለኝም ትዪ አልነበር?" አለችና ሳቀች። "እንኳን ተገኙልሽ።"

የእኔ ብየዳ ስለማይጠብቅ ግማሹን የበየደችው እሷ ናት። የተነቀለችው የእኔ ነበረች።

አንሶላውን እንደነገሩ ሰቅዬ ወደ ሱቋ ሄድኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳታየኝ፣ "እትዬ፣ ነይ ቁጭ በይ" ትለኛለች። ያን ቀን ቀና ብላ አየችኝና፣ "ይግቡ" አለች። መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን አንቱታውን እንድትተው የለመንኳት እኔ ነበርኩ።

ሁሉንም ነገርኳት፤ የተናገርኩትን፣ የዋሸኋትን፣ ዘመድ ያልኳቸው እነማን እንደሆኑ። እሷ ብሎኗን መፍታት አላቆመችም።

"እዚህማ ምን አጠፉ?" አለችኝ መጨረሻ ላይ። "እዚህ ሁለታችንም እናውቀዋለን። የተናገሩት እዚያ ነው።"

ይህን ጊዜ አንድ ወጣት የተሰነጠቀ ስልክ ይዞ ገባ። እኛን ሁለታችንን አይቶ፣ ባለሙያው የለም ወይ ብሎ ጠየቀ።

እሷ በመበየጃዋ ወደ እኔ ጠቆመች። "እሳቸው ናቸው" አለችው።

ወጣቱ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋ። እጄን ልሰድም ልሰበስብም አልቻልኩም። ይቅርታ ብዬ ወጣሁ፤ ለማን እንዳልኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ላርመው ቆርጬ ሄድኩ። ሌሊቱን ቃሉን ስለማመድ ነበር ያነጋሁት። ተራዬ ሲደርስ ቆሜ፣ ያቺን መብራት ስሠራ የረዳኝ ሰው ነበረ አልኩ። መሪያችን ፈገግ ብላ፣ የትኛው ወንድም ነው፣ ጌታ ይባርከው አለች። ሁሉም "አሜን" አሉ። ወንድ አይደለም፣ ምድር ቤት ያለችው ናት ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ሳልለው ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ ያቺ መብራት የተነሳችበት ሐሙስ የለም።

ብዙም ሳይቆይ ሱቋን ለቀቀች። ስትሄድ አልተሰናበተችኝም፤ እኔም በበሯ ማለፍ ትቼ ነበር። አንዱ ሀና ማርያም ነው የከፈተችው ይላል፣ ሌላው መካኒሳ አቦ። ሁለቱም ቦታ ሄጄ ፈለግኩ፤ አላገኘኋትም። ህብረታችንም ኪራዩ፣ ጋብቻው፣ ሥራው በየፊናው በተነው። እኔ አሁንም ጎህ ሳይቀድ ውሃ እቀዳለሁ፤ መብራቷም አንገቴ ላይ ናት። አምፖሏን አንዴ ቀይሬያለሁ። እሷ የበየደችው መሰኪያ ግን ንቅንቅ አላለም።

በዚያ ሐሙስ፣ በዚያ ዝናብ፣ እዚያ ሳሎን ውስጥ የነበራችሁ እህቶቼ፤ አሜን ያስባልኳችሁ እኔ ነኝና የምለምነውም እናንተን ነው። ምስክርነቴን ለሌላ ሰው ነግራችሁ ከሆነ ወደዚያው ሰው ተመለሱና፣ ያስተማረቻት ምድር ቤት የነበረችው ስልክ ጠጋኝ፣ ያቺ ሙስሊሟ ሴት ናት በሉልኝ። እኔ አጠገባችሁ ቆሜ ልለው የሚገባኝ ነበር። ከመካከላችሁ ሱቋን የምታውቅ ካለች ደግሞ የእኔን ሰላምታ አታድርሽልኝ፤ እሱን ራሴ ይዤ መሄድ አለብኝ። አድራሻዋን ብቻ ንገሩኝ። እናንተም የተበላሸ ስልክ ይዛችሁ ከሄዳችሁ፣ ስትገቡ ባለሙያው የት አለ ብላችሁ አትጠይቋት።