መነጽር ያደረገ ካሜራ

በ2006 ዓመተ ምሕረት ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ፖሊሶች ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው፣ የሌለውን ሐበሻ ከየመንገዱና ከየቤቱ እያፈሱ የሚወስዱበት ጊዜ ነበርና፣ እኔና የልጅ ልጄ ሀያት ጅዳ፣ ኑዝላ ሰፈር ውስጥ በነበረችን አንዲት ክፍል በር ዘግተን፣ ድምፃችንን ቀንሰን እንውል ነበር። እናቷ ፈትያ፣ ልጄ ማለት ነው፣ ተቀጥራ ከምትሠራበት ከማዳሟ ቤት ወደ እኛ ስትመጣ መንገድ ላይ ተይዛ ወደ አገር ቤት ከተላከች ሰንብታ ነበር። ከወሎ በየቀኑ ትደውልና «አባየ፣ ልጄ ታማብህ ነው የምትደብቀኝ፤ ደህና ብትሆንማ ፊቷን ታሳየኝ ነበር» እያለች ታለቅስብኝ ነበር። በስልኬ አንስቼ የላክሁላት ሁሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ የተነሳ ነውና የልጅቱ ፊት እንደ ጭስ ነበር፤ እውነትም የታመመች ያስመስላት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሀያት ተሰላችታ፣ ከአልጋው ሥር ያለውን የቆርቆሮ ሣጥን ስትበረብር አንድ ጥቁር ነገር አወጣችና፣ በጎኑ ያለችውን ትንሽ ምላስ በጣቷ ገፋቻት። ቀጭ! አለ።

ያን ድምፅ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ!

«ጂዶ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ፤ እዚያ ያደጉ ልጆች አያታቸውን ጂዶ ነው የሚሉት።

«ካሜራ ነው።»

«ውሸት! ስክሪኑ የታለ?»

እኔ ግን ከሷ ጋር አልነበርሁም። መካ፣ ነካሳ፣ አባቴ ቤት ሰገነት ላይ ቆሜ ነጭ ጨርቅ ዘርግቼ ነበር። ያን ቀን እስኪመሽ ድረስ ያወራሁላትን ነው አሁን የምጽፈው።

የተወለድሁት ነካሳ ነው፤ ቤት በቤት ላይ የተደራረበበት ተራራ ነው። አባቴ እንድሪስና እናቴ ጦይባ ከወሎ፣ ከወረባቦ ለሐጅ መጥተው በዚያው የቀሩ ሰዎች ናቸው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበርና ቤታችን ሁልጊዜ የስፌት መኪና ዘይትና አዲስ አቡጀዲ ይሸት ነበር፤ እኔም ከመኪናው ሥር ተጋድሜ የእግሩን መውጣትና መውረድ እያየሁ አደግሁ። እናቴ ሳቂታ ነበረች። ሳቂታ ስል ፈገግ ማለት እንዳይመስላችሁ፤ አንዴ ከጀመራት ሆዷን ይዛ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ ከበላያችን ያሉት ጎረቤቶች «ደግሞ ጦይባ ምን አገኘች?» እስኪሉ ድረስ የምትስቅ ነበረች።

የሐጅ ወቅት ሲደርስ ነካሳን ሰው ያጥለቀልቀው ነበር። እኛም ሰገነታችንን ለእንግዳ እንለቅ ነበርና፣ አንድ ዓመት እኛ ዘንድ ያረፈ ከጃዋ፣ ከኢንዶኔዥያ፣ የመጣ ሐጅ፣ አባቴ የተቀደደ ሻንጣውን ስለ ሰፋለት ወዶት ሲሄድ ይህን ካሜራ ሰጠው። አባቴም አንዲት ጎረቤታችንን ጠርቶ፣ እናቴንና እኔን በር ላይ አቁሞ፣ እሱም ከኋላችን ቆሞ አስነሳንና፣ ፎቶውን ለእናቴ እናት እንዲያደርስለት ለሐጅ ይማም ሰጠው። ሐጅ ይማም በየዓመቱ የወረባቦን ሰው እየመራ በምጽዋ በኩል በመርከብ የሚመጣ ሽማግሌ ነበር። እኛ እንግዲህ አያቴ ፎቶውን ደረቷ ላይ አድርጋ ስትዞር ይታየን ነበር።

በዓመቱ ሐጅ ይማም ሲመጣ ግን ፊቱ ደስ አይልም ነበር። ውኃ ጠጣ፣ ጢሙን ጠረገና፣

«አንች ጦይባ፣ እናትሽ አንችን ‹ሞታለች› ብላ ተቀምጣለች» አለ።

«እኔን?»

«አዎ፣ አንችን። አንድ ወሬኛ ‹ጦይባን መካ ላይ ወባ ገደላት› ብሎ ነግሯት ኖሯል።»

«ፎቶውንስ አላሳዩዋትም?» አለ አባቴ።

«እንዴት አላሳያት! ምስር የምታህል ፊት! ‹ሻሽ የጠመጠመች ሁሉ ጦይባ ናት ወይ? እንድሪስ ሌላ አግብቶ እሷን አቁሞ ነው የላከልኝ› አለች።»

እናቴ ሳቋ ሊመጣ ሲል የሐጅ ይማምን ፊት አየችና ዋጠችው። ሽማግሌው ቀጠለ። «‹ልጄ በሕይወት ካለች ከከንፈሯ ሥር ያለውን ጠባሳ አሳዩኝ› ብላለች። ከልጅሽ ዕድሜ ሳትበልጭ ወፍጮው ላይ የወደቅሽበትን። በሚመጣው ሐጅ ካላመጣሁላት በግ ለይታ አስራለች፤ የሙት ሰደቃሽን ታወጣለች።»

እናቴ ያን ቀን አልሳቀችም። ጠባሳዋን በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች፣ «ሰደቃየን ካወጣች ወዲያ እኔ ለሷ የለሁም» አለች። እኔ ልጅ ነበርሁና፣ እናቴ እዚህ አጠገቤ ተቀምጣ እዚያ ልትሞት መሆኑ ግራ ገባኝ፤ ገብስ የምታህለውን ጠባሳ ከዚያ ወዲያ በዓይኔ ስከተላት ከረምሁ።

አባቴ «አብሽሪ! ጠባሳ አይደል? ጠጋ ብዬ አነሳዋለሁ» አለና፣ አፍንጫዋን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግቶ አነሳት። እኔና አባቴ ፊልሙን ይዘን በጭነት መኪና ጅዳ ወረድን፤ ሂንዳዊያ ሰፈር ውስጥ ፎቶ የሚያጥብ አንድ የመናዊ ነበር። ሰውየው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንስቶ አየና፣

«ያ እንድሪስ፣ ይሄ ሰው ነው ወይስ አሲዳ?» አለ። አሲዳ የነሱ ገንፎ ነው።

«ሚስቴ ናት» አለ አባቴ ኮስተር ብሎ።

በሌሎቹ ላይ ደግሞ አንገትና ደረት እንጂ አገጭ የሚባል የለም። የመናዊው ነገሩን ነገረን፤ የምናይባት ትንሿ መስኮት ከላይ ናት፣ የካሜራው ዓይን ከሥር ነው፤ ሰው ሩቅ ሲሆን ልዩነቱ አይታወቅም፣ ቅርብ ሲሆን ግን ሁለቱ የሚያዩት ለየብቻ ነው። ዋናው ጣጣ ግን ይህ ካሜራ ጥቂት እርምጃ ካልራቁለት አጥርቶ አለማየቱ ነው። «እዚህ አምጣት፣ እኔ በትልቁ ላንሳት» አለ።

ቤት ገብተን ስንነግራት እናቴ «ለባዳ ወንድ ፊቴን ገልጬ? እምቢ!» አለች። ወረቀቱን የሚያጥበው ያው ራሱ አይደል ወይ ብንላት «ወረቀት ሌላ፣ እኔ ሌላ» አለችን። የኔ ግትርነት ከማን እንደ መጣ እንግዲህ ፍረዱ።

ሙቀቱ ሲጠና፣ ድንጋዩ እግር የሚጠብስበት ወቅት ሲመጣ፣ የአባቴ ሥራ ይቀዘቅዝ ነበር። ቀትር ላይ እኔና እናቴ ወለሉ ላይ ውኃ ረጭተን እንጋደማለን፣ አባቴ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ መርፌ ውስጥ ክር ሲያስገባ እናያለን። አንድ ቀን እናቴ መነጽሩን ነጠቀችውና ራሷ አድርጋ፣ ክንዷን ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ «ኧረ ጉድ! ጠጉሬ ገመድ አከለ!» አለች። ከዚያ ወደ አባቴ ስትዞር እሱ ከሩቅ ብዥ አለባት መሰለኝ፣ ሳቋ ፈነዳ። ስትስቅ ቆይታ ድንገት መነጽሩን አወለቀችና አገላብጣ አየችው።

«አንተ እንድሪስ፣ ያለ መነጽር መርፌው አይታይህም፤ ተራራው ግን ይታይሃል አይደል?»

«ይታየኛል።»

«ይህ ካሜራህም እንዳንተ ነዋ! ሩቁን ያያል፣ ቅርቡን አያይም። አርጅቷል። መነጽርህን አድርግለት!»

አባቴ አልሳቀም። ተነሣና መነጽሩን በሽቦ ካሜራው ላይ አሰረው፣ አንደኛው ብርጭቆ ልክ ዓይኑ ፊት እንዲውል አድርጎ። ፊልም በከንቱ ማቃጠል አልፈለገም፤ ስለዚህ የካሜራውን ጀርባ ከፍቶ፣ ፊልሙ በሚተኛበት ላይ ዘይት የጠጣ ስስ ወረቀት ለጥፎ፣ ምላሷን ገፍቶ መጋረጃው እንዳይዘጋ ያዛትና ጥቁር ጨርቅ ተከናነበ። እኔንም ከጨርቁ ሥር አስገባኝ። ወላሂ፣ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ እናቴ ወረቀቱ ላይ ነበረች፣ ከነቀለሟ፣ ግን ተዘቅዝቃ፣ ጭንቅላቷ ወደ ታች!

«እማ ተገልብጣለች!» ብዬ ጮኽሁ።

«ጠባሳዋስ?» አለ አባቴ።

«የለችም። ብዥ ብላለች።»

«ቀረብ በይ፣ ጦይባ… ትንሽ… ራቅ… አይ፣ ተመለሽ…» እያለ ወዲያ ወዲህ ሲያደርጋት፣ ድንገት ጠባሳዋ እንደ ገብስ ፍሬ ጥርት ብላ ወጣች። «አለች! አለች!» አልሁ። አባቴ «አንዳችሁም እንዳትነቃነቁ!» አለና ከመኪናው ላይ ጥቁር ክር ስቦ፣ አንዱን ጫፍ ካሜራው ላይ አስሮ፣ ሌላውን እናቴ አገጭ ድረስ ወጥሮ በዚያች ቦታ ላይ ቋጠራት። ያች ቋጠሮ አገጭ ከነካች ፎቶው ይጠራል፤ ትንሽ ካለፈች ወይም ካነሰች አሲዳ ነው።

ፊልሙን ገዝተን እስክንዘጋጅ የብርዱ ወራት ገባና ዝናብ መጣ። የነካሳ ዝናብ ድንገተኛ ነበር፤ ጎርፉ በደረጃው እየተንደረደረ ሲወርድ እኛ ልጆች ሱሪያችንን ሰብስበን ጎርፉ የወሰደውን የሰው ነጠላ ጫማ እናጠምድ ነበር። ሰማዩ ሲጠራ አየሩም አብሮ ታጥቦ ነበር፤ አባቴ «ዛሬ ነው» አለ።

ጠዋት ሰገነቱ ላይ ወጣን። የስፌት መኪናውን ጠረጴዛ አወጣና ካሜራውን እንዳይነቃነቅ እላዩ ላይ አስቀመጠው፤ መስኮቷ ከምታሳየው ጣት ያህል ከፍ አድርጎ ወደ አገጯ አነጣጠረ። ፀሐይዋ ከአንድ ወገን ነበረችና ሌላው ጉንጯ እንዳይጨልም እኔ የአባቴን ነጭ የሐጅ ጨርቅ፣ ኢሕራሙን፣ በሁለት እጄ ዘርግቼ ብርሃኑን መለስሁላት። አባቴ ክሩን ወጥሮ ቋጠሮዋን አገጯ ላይ አስነካና «ትንፋሽሽን ያዢ» አላት።

እናቴ መነጽር ያደረገውን ካሜራ ፊት ለፊት አየችው።

«ኧረ ሼሁ አፈጠጡብኝ!» አለችና ሳቀች። ቀጭ! አንዱ ሄደ። ፊልሙን አዞረ፣ ክሩን ወጠረ፣ «ትንፋሽሽን!» አለ፤ እሷ ከንፈሯን ነከሰች፣ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ቀጭ! ሁለተኛውም ሄደ። እኔም ሳቅ ይዞኝ ኢሕራሙ እጄ ላይ ይውለበለብ ነበር። አባቴ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ኋላ ለመነ፣ ኋላ እሱም ሳቀ፤ እንዲህ ስንል ከካሜራው ጀርባ ባለችው ቀይ መስኮት የመጨረሻው የፊልም ቁጥር ብቅ አለ።

ያን ጊዜ አባቴ ክሩን ወጥሮ ቋጠሮዋን ቀስ ብሎ አገጯ ላይ አስነካና፣ «ጦይባ» አላት። «በዚህ ዓይን የምታይሽ እናትሽ ናት። አሁን እያየችሽ ነው።»

እናቴ ዝም አለች። ዝምታዋ ያኮረፈ ሰው ዝምታ አልነበረም፤ አገጯን ትንሽ ቀና አድርጋ፣ እንደ ልጅ፣ ልክ እናቷ ፊቷን ልታጥባት እንደ ቀረበቻት ሕፃን ሆነች። ቀጭ አለ።

የመናዊው ፎቶውን አጥቦ ሲያወጣ አፉን ያዘ። «ማሻአላህ! ሽፋሽፍቷ እኮ ይቆጠራል!»

አባቴ «አትቁጠር!» አለና ከእጁ ነጠቀው።

ሐጅ ይማም በቀጠሮው ሐጅ መጥቶ ፎቶውን ይዞ ሄደ። እኛ ዓመቱን ሙሉ በጉ ታረደ ወይስ አልታረደ እያልን ከረምን፤ በተከታዩ ሐጅ ሽማግሌው ሰገነታችን ላይ ገና ሳይቀመጥ መሳቅ ጀመረ። እሱ እንደ ነገረን፣ አያቴ ፎቶውን በር ላይ ወጥታ በብርሃን አይታ፣ ጠባሳዋን በአውራ ጣቷ አሽታ አሽታ፣ አልጠፋ ሲላት እልል አለች። ከዚያም «ልጄ ናት፤ ግን ለምን ከሳች?» አለች።

«በጉስ?» አለች እናቴ።

«በጉማ ታረደ! ለደስታ ታረደ! ይኸው» ብሎ ከከረጢቱ ቋንጣ አወጣ። እናቴ ያንን ቋንጣ ነከስ እያደረገች፣ «የራሴን ሰደቃ የበላሁ እኔ ብቻ ነኝ!» እያለች ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች፤ ከበላያችን ያሉት ጎረቤቶች ደግሞ ምን እንዳገኘች ጠየቁ።

ያን ዘመንና ይህን ሳስተያይ የሚገርመኝ ካሜራው አይደለም። ዛሬ ሁሉም ሰው ኪሱ ውስጥ ካሜራ አለው፣ ምሳውን ሳይቀር ያነሳል፤ እኛ ለአንዲት ጠባሳ ሐጅ ሄዶ ሐጅ መጣብን። የሚገርመኝ ያኔ በራችን ሲንኳኳ እንግዳ ነበር፣ አሁን ሲንኳኳ ትንፋሻችንን እንይዛለን። አንድ ነገር ግን ያው ነው፤ እናት ልጇን ቀርባ ካላየች አታምንም።

በማግሥቱ ጠዋት ሀያትን ይዤ ሰገነት ላይ ወጣሁ። ጎረቤቱ እንዳያየን ዝቅ ብለን፣ ነጩን አንሶላ ባልዲ ላይ አስደግፌ ብርሃኑን መለስሁላትና፣ ስልኬን አውጥቼ ከካሜራው ጋር ሣጥን ውስጥ የኖረውን አሮጌ ክር አገጯ ድረስ ወጠርሁት።

«ጂዶ፣ ስልኩ እኮ ራሱ ያስተካክላል» አለችኝ።

«አውቃለሁ። ዝም በይ። እናትሽ እያየችሽ ነው።»

የኔዋ ግን እንደ እናቴ ዝም አላለችም፤ በወለቀ የፊት ጥርሷ ሳቀች። እንደ ሳቀች አነሳኋትና ላክሁት። ስልኩ ወዲያው ጮኸ፤ ፈትያ ነበረች፣ በአንድ ትንፋሽ፣

«ልጄ ናት! ጥርሷ መቼ ወለቀ? ደሞ ለምን ከሳች?» አለች።

ግድግዳውን ተደግፌ ሳቅሁ፤ ሀያትም ሳቀች፤ ድምፃችንን አልቀነስንም።