ውሃ ትን የሚላት ሴትዮ

ጠዋት ጠዋት አውቶቡሱ ውስጥ ከጎኔ፣ የኋላ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ሁላችንም ጭምብል ከጣልን ቆይተናል፤ እሷ ግን ታጥቦ ታጥቦ የሳሳውን ጨርቋን አልተወችም። አምና ልኳ የነበረው ቀሚስ ዘንድሮ ወገቡ ላይ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

የውሃ ጠርሙስ ከእጇ አይለይም። ሳል ሲመጣባት ዓይኗን ጨፍና ትታገለዋለች። እንደማይቀርላት ስታውቅ ጭምብሏን ዝቅ አድርጋ ውሃ ትጎነጫለች፤ ከዚያ ትስላለች። «ይቅርታ፣ ትን ብሎኝ ነው» ትላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ዘዴውን ያመጣችው በወረርሽኙ ጊዜ ነው። ያኔ እዚሁ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ስለሳሉ ብቻ መንገድ ላይ እንዲወርዱ ሲደረግ አብረን አይተናል፤ ማናችንም ትንፍሽ አላልንም። ያ በሽታ አለፈ፤ የእሷ ሳል ግን ሌላ ነው። ክሳቷን ሳይ ቲቢ ይመስለኛል፤ በጊዜ ከተያዘ በመድኃኒት የሚድን ነገር።

ባለፈው ደፍሬ፣ «እህቴ፣ ለምን ሐኪም ቤት አትታዪም?» አልኳት።

«ኧረ ውሃው ነው፣ ወንድሜ!» አለችና ሰው ሰምቶ እንደሆነ ዙሪያዋን ቃኘች።

ከዚያ ወዲህ እሷን መጠየቁን ትቼ መስኮት እከፍታለሁ። በወረርሽኙ ጊዜ «ክፈቱ! ክፈቱ!» ይሉ የነበሩት ተሳፋሪዎች ራሳቸው፣ አሁን «ኧረ ብርድ ገደለን!» ብለው ይዘጉታል።

ዛሬ ትንሽ ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ እናቷ ጭን ላይ ሆና ስታወራኝ ድንገት ዝም አለች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ጠርሙሱን ከእናቷ እጅ ወሰደችና ተጎነጨች፤ ከዚያ ሳለች።

«ይቅርታ፣ ትን ብሎኝ ነው» አለችኝ።