ያለ መብራት የሚሠራ ጊታር

ዱካሞ ደቡብ አፍሪካ፣ ቶኮዛ ውስጥ ዳቦና ኤርታይም፣ የስልክ ካርድ መሆኑ ነው፣ የሚሸጥባት ስፓዛ የምትባል ትንሽ ሱቅ አለችው። በሩ ላይ «ጂፕሲ ጃዝ እናስተምራለን» የሚል ወረቀት ለጥፏል። ይህ ሮማ ወይም ጂፕሲ የሚባሉት የአውሮፓ ሕዝቦች ያለ ከበሮ፣ ጊታሩን ራሱን ከበሮ አድርገው የሚጫወቱት ሙዚቃ ነው። ያስተማሩት አንድ ነጭ ሽማግሌ ጊታር ጠጋኝ ነበሩ፤ በ2020 ኮሮና ወሰዳቸው። በስልክ የመጨረሻ ቃላቸው፣ «አንተ ጋ እንዳይቆም» ነበር።

ሊቆም ምንም አልቀረውም። የቀረችው ተማሪ አንዲት ብቻ ናት፤ እዚሁ የተወለደችው ኤፍራታ። አባቷ ጋሽ አጵሎስ እዚህ ያለችው የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ቫይረስን በዝንጅብል፣ ዓለማዊ ሙዚቃን በስብሰባ የሚከላከሉ ሰው። ስብሰባ ሲከለከል በዋትሳፕ ቀጠሉ።

«ወንድም ዱካሞ፣ ከዚህ ሳምንት በኋላ ልጄ አንተ ጋ አትመጣም።»

«ጋሼ፣ ሙዚቃው ግጥም እንኳ የለውም እኮ!»

«እሱ ይብሳል! ምን እንደሚል በምን እናውቃለን?»

እሑድ ሃምሳ ሰው ብቻ እንዲገባ ተፈቅዶ ተሰበሰብን። መዝሙሩ ሊጀመር ሲል መብራት ጠፋ፤ ኪቦርዱ ዝም አለ። ጋሽ አጵሎስ ዙሪያውን ቃኙና፣ «ዱካሞ፣ ያንተ ነገር ያለ መብራት ይሠራል?» አሉ።

«የተፈጠረው ያለ መብራት ነው፣ ጋሼ።»

ኤፍራታ ሮጣ ከሱቅ ጊታሩን አመጣች። ዱካሞ በዚያ በለመደው ምት መዝሙሩን ሲያጅበው፣ ማስክ ያጠለቀ ሃምሳ ሰው እንደ አንድ ሰው ሆኖ አጨበጨበ። የጋሽ አጵሎስ ማስክ በእንባ ራሰ።

«ይህ ምት በጸሎት ነው የተሰጠህ?» አሉት ሲወጡ።

ዱካሞ ኤፍራታን አያት። አዎ ቢል ተማሪው ትቀርለታለች፤ ያስተማሩት ነጭ ሽማግሌ ግን ሁለተኛ ይቀበራሉ።

«አይደለም ጋሼ። ያ እርስዎ የከለከሉት ሙዚቃ ነው።»

«ዮ! አባዬ፣ አለቀስክበት እኮ!» አለች ኤፍራታ።

ጋሽ አጵሎስ ማስካቸውን ጎተት አደረጉ። «ይሄ ማስክ ጆሮም ይደፍናል፤ ምንም አልሰማሁ። ቅዳሜ ልጄን ጨምሮ ዘጠኝ ልጆች እልክልሃለሁ። ያንን ወረቀት ግን ከበሩ ላይ አንሳ።»

«ወረቀቱ ከተነሳ ትምህርቱም የለም።»

ከተከራከሩ በኋላ ወረቀቱ ከሱቁ ማቀዝቀዣ ጀርባ እንዲለጠፍ ተስማሙ። በቤተ ክርስቲያኗ ቃለ ጉባኤ ላይ ግን ትምህርቱ «የአገልግሎት ሥልጠና» ተብሏል።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሽ አጵሎስ ሊቆጣጠሩ ከበሩ አጠገብ ሣጥን ላይ ይቀመጣሉ። ባለፈው ሄጄ፣ «ጋሼ፣ እግርዎ ምን ሆኖ ነው መሬት የሚመታው?» ብላቸው፣ «የቶኮዛ ብርድ ነው» አሉኝ።