ጀርባውን ለባሕር የሰጠ ክፍል

ቀይ ቆባቸው የወየበ፣ ጆሯቸው ላይ የጃስሚን አበባ የሰኩ አንድ ሽማግሌ፣ ወለሉ የሚዋልል ይመስል እግራቸውን አንፈራጥጠው እየተራመዱ ቱኒስ ካለው የዱጃ የጉዞ ቢሮ ገቡ። የባሕር ዳርቻዋን ከተማ ማህዲያን ሁለት ቀን ሊጎበኙ አስበዋል።

«ባሕሩን ፊት ለፊት የሚያሳይ ክፍል አለኝ፣ ሐጂ!»

«እሱን ለሙሽሮች ስጫቸው። ለኔ በጓሮ በኩል ያለውን፣ የሰፈሩ ሰው ልብስ ሲያሰጣ የሚታይበትን።»

ዱጃ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ልብስ ማየት ካማረዎትማ የኔ ሰገነት አለልዎት፤ ያውም በነጻ!»

ሽማግሌው አብረዋት ሳቁ፤ ሐሳባቸውን ግን አልቀየሩም።

«መርከበኛ ነበርኩ፣ ልጄ። ዕድሜዬን ሙሉ በማህዲያ በኩል ያለፍኩት በሌሊት ነው። መብራቷን ጠግቤዋለሁ። ጉልበቴ ሳይከዳኝ፣ መብራቱን የሚያበሩትን ሰዎች ልያቸው።»