በፈላ ውሃ የነከርሁት ጥርስ

ጎረቤቴ እልል ስትል ከሰፈራችን በታች ካለው ሐይቅ ማዶ ድረስ ይሰማል። ይህን የምለው ላወድሳት አይደለም፤ ስለሚያንገበግበኝ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አብረን ሠርተን አብረን ጡረታ ወጣን። የላይ ጥርሳችንንም በአንድ ዓመት አስነቅለን፣ አንድ ባለሙያ ዘንድ የሚወልቅ ጥርስ አሠራን። የእሷ እስከ ዛሬ ወተት ይመስላል፤ የኔ በሻይና በበርበሬ ብዛት ወይቦ ነበር። ደግሞ እኮ አፌ ላይ ልክክ ብሎ ተቀምጦልኝ ነበር፤ የበቆሎ እሸት እንኳ እግጥበት ነበር። ግን ልክክ ማለቱን ማን ያይልኛል?

አንዲቷ ልጄ ልትዳር ሆነ፤ ሙሽራው የሐሙሲት ከተማ ልጅ ነው። የተመኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጄ ከቤት ስትወጣ የመጀመሪያውን እልልታ እኔ እናቷ ጥርሴን ገልጬ ላቀልጠው። በሰፈሩ ሠርግ ሁሉ ቀዳሚዋ ያች ጎረቤቴ ናት። በኔ ልጅ ግን አትቀድመኝም አልሁ።

ሠርጉ አራት ቀን ሲቀረው ቤቷ ጎራ ብዬ፣ እንደ ዘበት፣ "አንቺ፣ ጥርስሽን በምንድን ነው የምታጥቢው?" አልኋት።

"ከፋርማሲ የምገዛው የሚሟሟ ክኒን አለ። ለብ ባለ ውሃ ከክኒኑ ጋር እዘፈዝፈዋለሁ፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ አሸት አድርጌ ማለቅለቅ ነው። የፈላ ውሃ ብቻ እንዳታስነኪው!" አለችና ክኒኑን ልትሰጠኝ ብድግ አለች።

"ኧረ ተይው፣ አለኝ" ብዬ ዋሸሁ። ምቀኛ ሆዴ መች አመናት! ጓሮዋ የበረኪና ጠርሙስ አይቻለሁ፤ ነጠላ የምታነጣበት መሆኑን ማን ያስብ። የፈላ ውሃ አታስነኪው ያለችኝም ምስጢሩን ልትደብቀኝ ነው እያልሁ ቤቴ ገባሁ። የራሴን በረኪና ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ሳልሳሳ ገለበጥሁ፣ የፈላ ውሃ ጨመርሁበት፣ ጥርሴን ነከርሁት።

ሳወጣው በረዶ መስሏል። እሰይ፣ የት አባቷ! አፌ ውስጥ ሳደርገው ግን በአንድ በኩል ሲቀመጥ በሌላው ይነሣል፤ ስናገር ይንሸራተታል። በማግሥቱ ባለሙያው ዘንድ ሮጥሁ። አገላብጦ አየና፣ "እናቴ፣ ይሄ እኮ ፕላስቲክ ነው፤ የፈላ ውሃ ያጣምመዋል፣ ያልተበረዘ በረኪናም ይጎዳዋል። አንዴ ከተጣመመ አይመለስም። አዲስ እሠራልዎታለሁ፣ ለሠርጉ ግን አይደርስም" አለኝ። እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስሁ።

የሠርጉ ዕለት ልጄ ከቤት ብቅ አለች። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጎረቤቴም አጠገቤ ቆማ ዝም ብላ ጠበቀችኝ! ብትቀድመኝ ኖሮ ለመራገም በተመቸኝ። አፌን ብከፍት ጥርሴ ሙሽራዋ እግር ሥር ሊወድቅ ነው። በነጠላዬ አፌን ሸፈንሁ። ያኔ እሷ አቀለጠችው፤ ሴቶቹም ተከተሏት።

ሙሽሮቹ ፎቶ ሊነሡ ሐይቁ ዳር ስንወርድ ጠጋ ብላ፣ "በፈላ ውሃ ነከርሽው አይደል?" አለችኝ። "እኔም የመጀመሪያዬን እንዲሁ አበላሽቼዋለሁ። ይሄ ሁለተኛዬ ነው፤ አፍሬ ነው ያልነገርሁሽ።"

ወይ ጉድ፣ ስህተቱን እንኳ ቀድማኝ ሠርታዋለች! እጄን ያዘችኝ፤ አላስለቀቅሁም። ልጄ ግን ያኔ ከቤት ስትወጣ እልልታውን ሰምታ ፈገግ ብላ የዞረችው ወደ እሷ ነው። አሁን አዲስ ጥርስ አሠርቻለሁ፣ በክኒኑም አጥበዋለሁ። በዚያች የልጄ ፈገግታ ግን እስከ ዛሬ እቀናባታለሁ።