ሁሉ ያመሰገነው ፎርም

ሦስት ወር ሙሉ በመሥሪያ ቤታችን የኔን ፎርም ያላመሰገነ ሰው አልነበረም። የበሩ ጥበቃ ሳይቀር አመስግኗል፤ እሱ ደግሞ ኮምፒውተር ያለበት ክፍል ገብቶ አያውቅም። ይሄ ብቻውን ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። ግን ምስጋናን የሚጠረጥር ማን አለ? ትዕቢት በጆሮ ነው የምትገባው፣ እኔ ደግሞ ከጆሮ ሌላ ሰፊ በር የለኝም።

መሥሪያ ቤቱ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ነው፤ ከሥሩ የልብስ ሱቆች ያሉበት ሕንፃ ላይ። የታመሙ ሕፃናትን እየመዘገበ ወደ ሐኪም የሚልክ ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ምዝገባው በደብተር ነበር። ወደ ዳታቤዝ ይዛወር ተባለና የመመዝገቢያውን ፎርም እንድሠራ በሦስት ወር ሙከራ ተቀጠርኩ። ዓይነ ስውር ነኝ። ስክሪን ሪደር የሚባል ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጆሮ ማዳመጫ ያነብልኛል። አማርኛ ሲያነብ ድምፁ ጉንፋን የያዘው ፈረንጅ ቅዳሴ የሚለማመድ ይመስላል። ቢሆንም እወደዋለሁ፤ የተጻፈውን እንደተጻፈ ይናገራል፣ ለማንም አይራራም።

ፎርም በጆሮ እንዴት ይሠራል ብሎ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። ሌላው በማውስ የሚጎትተውን እኔ በቁጥር እጽፈዋለሁ፤ ይህ ሳጥን ከግራ ይህን ያህል ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ ከላይ ይህን ያህል፣ ስፋቱ ይህን ያህል እያልኩ። ከየሳጥኑ ጎን ምን እንደሚሞላበት የሚናገር ስያሜ አለ፤ የልጅ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ዕድሜ፣ ወረዳ፣ ስልክ፣ ሕመም። ታብ የሚባለውን ቁልፍ በተጫንኩ ቁጥር ወደሚቀጥለው ሳጥን እሻገራለሁ፣ ስክሪን ሪደሩም ስያሜውን ይጠራልኛል። ሰባቱን ሳጥኖች እንደ ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱ ሳይታጎል እየደጋገምኩ ፈተሽኳቸው። አንድም አልተሳሳተም። እንደዚህ ጥንቁቅ ነኝ።

ጥንቁቅ የሆንኩበት ምክንያት ነበረኝ። ሀገሬ ጎጃም ነው። እዚያ ክፉ ያደረገብኝ የለም፤ ችግሩም እሱ ነው። ውሃ ልቅዳ ስል «ተይው፣ ይደፋብሻል» ይላሉ። ሽንኩርት ልላጥ ስል ቢላዋው ከእጄ ይጠፋል። ወንድሜ እስከ ዛሬ በደወለ ቁጥር «ምን ልትሠሪ ነው እዚያ የተቀመጥሽው? ነይና ቤትሽ ቁጭ በይ፤ እኛ አለንልሽ» ይለኛል። በሙከራው ጊዜዬ መጨረሻ ቋሚ ሠራተኛ ካልሆንኩ፣ ሀና ማርያም የተከራየኋትን አንዲት ክፍል ለቅቄ «አለንልሽ» ወደሚለው ቤት መመለሴ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጬ ስወደድ ልኖር ነው ማለት ነው።

ፎርሙን በየቀኑ የምትሞላው መዝጋቢያችን ናት። እናቶች ሕፃን አዝለው ደረጃ እንዳይወጡ ተብሎ ምዝገባው አንደኛ ፎቅ ነው፤ እኔና ኃላፊያችን ሦስተኛ ላይ ነን። መዝጋቢዋ ከወላይታ የመጣች፣ የሁለት ልጆች እናት፣ በቤተ ክርስቲያኗ የምትዘምር ፕሮቴስታንት ናት። ጠዋት ስንገናኝ እሷ «ጌታ ይባርክሽ» ትለኛለች፣ እኔ «እመብርሃን ትጠብቅሽ» እላታለሁ። ሁለታችንም አሜን ብለን እናልፋለን፤ ሁለታችንም አንዳችን ለሌላችን መመለስ እንደምንጸልይ እናውቃለን።

በተቀጠርኩ በሳምንቱ፣ ፎርሙን የጫንኩላት ቀን፣ አጠገቧ ቆሜ ሳጥኖቹን በየተራ ነገርኳት። ከዚያ «እንዴት ነው?» አልኳት።

«ውይ እህቴ! ሲያምር!»

«ሳጥኖቹ ተስተካክለዋል?»

«ምን በወጣቸው! እንደ ታክሲ ሰልፍ ቀጥ ብለዋል።»

«ጽሑፉስ ጥሩ ይነበባል?»

«አንቺ የሠራሽው ምን ይጎድለዋል ብለሽ ነው?»

ለጥያቄ ጥያቄ መመለሷን ልብ አላልኩም። ኃላፊያችን፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ ደግ ሰው፣ እሳቸውም ወርደው አዩና «አቤት! ዓይን ያለውም እንዲህ አልሠራ!» አሉ። በወሩ ሃያ አንድ ሀና ማርያም ሄጄ ተስዬው የነበረውን ጧፍ አስገባሁ። ስለቴ «ፎርሜ ይመርልኝ» የሚል ነበር። አምሯል ተባለ፣ እኔም ቃሌን ጠበቅሁ።

ሦስተኛው ወር ሲያልቅ ኃላፊያችን ጠሩኝና የሥራ ምዘናዬን ጮክ ብለው አነበቡልኝ። «ሰዓት ማክበር፣ እጅግ በጣም ጥሩ። ከባልደረባ ጋር መግባባት፣ እጅግ በጣም ጥሩ። የሥራው ውበትና ግልጽነት፣ እጅግ በጣም ጥሩ።»

«ጋሼ፣ ውበቱ ላይ ትንሽ አልበዛም?»

«ምን ይበዛል ልጄ? እንደ አዲስ ጋቢ ንጹሕ ያለ ነው እኮ።»

ምዘናውን ቦርዱ በሚቀጥለው ሳምንት አይቶ ቋሚነቴን ያጸድቃል ተባለ። በዚያው አንድ ነገር ጨምሪልን አሉኝ፤ ሐኪሞቹ የእናት ስምም ይመዝገብ ብለዋል። ለመዝጋቢዋ እሳቸው ሊነግሯት፣ እኔ ሳጥኑን ልሠራ ተስማማን። የእናት ስም ቦታው ከአያት ስም ቀጥሎ ነው ብዬ እዚያ አስገባሁት፣ የቀሩትን አንድ አንድ ደረጃ ወደ ታች አወረድኳቸው። ሐሙስ ማታ ጨርሼ ሄድኩ።

ዓርብ ረፋድ ላይ የጠዋቱን ምዝገባ እስቲ ልስማው ብዬ ከፈትኩ። የመጀመሪያው ልጅ የእናት ስም አራት ነበር። ቁጥር አራት። ዕድሜው ዐሥራ ሁለት። ወረዳው ዐሥር አሃዝ ያለው የስልክ ቁጥር ነው። ስልኩ «ቶንሲል» ይላል። ሕመም በሚለው ሳጥን ውስጥ ደግሞ የአንዲት ሴት ስም እስከ አያቷ ተጽፏል። ስክሪን ሪደሩ በዚያ በጉንፋን ድምፁ፣ ሳይገርመው፣ የልጁ ሕመም እናቱ እንደሆነች ነገረኝ። ወደ ሁለተኛው ሄድኩ፤ እሱም ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ሦስተኛዋም። የወረዳ ዐሥራ ሁለት ልጆች በአንድ ጠዋት እኩል ዐሥራ ሁለት ዓመት ሞልቷቸዋል። ዝርዝሩ በማግሥቱ ለሐኪሞቹ የሚላክ ነው።

በትሬን ይዤ ወረድኩ። መዝጋቢዋ ብቻዋን ነበረች።

«የእኔ እህት፣ ዛሬ ምን ሆንሽ? የልጁን ዕድሜ እናት ስም ላይ ጽፈሽዋል።»

«እ? አዲሱ ሳጥን መጨረሻ ላይ አይደል?»

«ከአያት ስም ቀጥሎ ነው። ስያሜው አለ አይደል ከጎኑ?»

«የቱ ስያሜ?»

ወንበሯ ሲጢጥ አለ።

«ምን ይታይሻል? ንገሪኝ» አልኳት።

«ሳጥን።»

«ሌላስ?»

«ሳጥን ነው እህቴ። ሰባት ባዶ ሳጥን። ዛሬ ስምንት።»

«ታዲያ እስካሁን በምን ስትሞዪ ነበር?»

እጄን ይዛ ወደ ስክሪኑ ጠርዝ ወሰደችው። በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት ነው። ጫፉ ተቀዷል፣ በላዩ ሌላ ፕላስተር ተደርቧል፣ በዚያም ላይ ሌላ። ጣቴን ስሰድበት የእስክሪብቶው ጭረት ይሰማኛል። «አንድ የልጅ፣ ሁለት የአባት፣ ሦስት የአያት፣ አራት ዕድሜ…» አለች፣ ውዳሴ ማርያም በቃሉ እንደሚወርድለት ተማሪ ሳትተነፍስ። «አሁን እኮ ወረቀቱንም አላየውም። በእጄ ነው የምቆጥረው።»

ነገሩ ገባኝ። የፎርሙ ርዕስ በጥቁር ሰማያዊ መደብ ላይ በነጭ ፊደል የተጻፈ ነው። ስያሜዎቹ ሁሉ የፊደላቸው መልክ ከርዕሱ ጋር አንድ ይሁን ብዬ ርዕሱን ቀድቼ ቀድቼ ነበር የለጠፍኳቸው፤ ነጩ ቀለምም አብሮ ተቀድቷል። የታችኛው ገጽ ደግሞ ነጭ ነው። ለስክሪን ሪደሩ ነጭ በነጭ ላይ ምኑም አይደለም፤ ያነበዋል። ቀለሙን ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር። አልጠየቅሁትም። እንደዚህ ጥንቁቅ ነኝ። ሁለት ጤነኛ ዓይን ያላትን ሴት ሦስት ወር ሙሉ ሳጥን በእጅ እየዳሰሰች እንድትሠራ አድርጌያታለሁ፤ እሷ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከኔ ይበልጥ ተለማምዳው ነበር።

«ለምንድን ነው ያልነገርሽኝ?»

«እንዴት ብዬ? ያን ቀን እንዲያ ጥርስ በጥርስ ሆነሽ ‹እንዴት ነው?› ስትዪኝ ‹አይታይም› ልበልሽ? ለአንቺ? ምላሴ ይቆረጥ!»

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማን የማያውቅ አለ?»

ጥበቃውን አሰብኩት።

ስያሜዎቹን ጥቁር ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ እዚያው በእሷ ወንበር ተቀምጬ ጨረስኩት። የጠዋቱን መዝገብ አብረን አስተካከልን፤ እናቶቹ ወደ ስማቸው ተመለሱ፣ ልጆቹም ወደ ዕድሜያቸው። አለቀ። ቦርዱ በሚቀጥለው ሳምንት «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚለውን ያያል፣ ፎርሙም ከአሁን ወዲያ በእርግጥ ይታያል። ከአንደኛ ፎቅ እስከ ሁለተኛ ድረስ ይሄ ሐሳብ በጣም ትክክል መስሎኝ ነበር። ከሁለተኛ እስከ ሦስተኛ «በሐሰት አትመስክር» የሚለው መጣብኝ፤ የመሰከርኩት እኔ አይደለሁም ብዬ ለመከራከርም ሞከርኩ። ክርክሩ ሳያልቅ ደረጃው አለቀ።

«ጋሼ፣ የፎርሙ ጽሑፍ እንደማይታይ ያውቁ ነበር?»

«ተይው ልጄ» አሉ። «ሥራው እየሄደ አይደል?»

«ያውቁ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ምን አለበት ብዬ ነው።»

«ታዲያ ውበትና ግልጽነት ላይ…»

«ማበረታቻ ነዋ!»

«ያስተካክሉልኝ።»

«ፎርሙን? አንቺ አታስተካክዪውም?»

«እሱን ጨረስኩ። ምዘናውን ነው።»

እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡ ሰማሁ። «ስሚ። ከሠራተኛ ጋር ኖሬ ነው ያረጀሁት። ‹ነጥቤን አሳነስክብኝ› ብሎ በሬን የሰበረ አለ። ‹ቀንስልኝ› ብሎ የመጣ ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። አሞሻል እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«ቦርዱ አይቶ ቢያሰናብትሽስ?»

ይህን ጊዜ ሀና ማርያም ያለችው ክፍሌ፣ ቁልፏ፣ በራፏ ላይ በልኬ ያስተከልኩት ማንጠልጠያ፣ ሁሉም መጡብኝ። «ያሰናብቱኝ ጋሼ» አልኩ፤ ድምፄ ግን እንደ ቃሌ አልነበረም። «ምጽዋትማ ሀገሬም አላጣሁ።»

«ሲናገሩ ደግሞ እነ ጎጃም!» አሉና ወረቀት አገላበጡ። ሲጽፉ ቆዩ። ከዚያ አነበቡልኝ፤ «የሥራው ውበትና ግልጽነት፣ ዝቅተኛ።» «መካከለኛ ላድርገው?» አሉ ደግሞ፣ አንጀታቸው አልችል ብሎ። አይሆንም አልኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለዚህ መልስ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ፤ መካከለኛ ቢሉት ኃጢአቱ ስንት ነበር?

ቦርዱ አላሰናበተኝም፣ ቋሚም አላደረገኝም። «የሙከራ ጊዜዋ ለሦስት ወር ተራዝሟል» የሚል ደብዳቤ መጣ። እውነት ተናግሬ ደስ አለኝ ብል ሁለተኛ ሐሰት ይሆንብኛል። ማታ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፣ ከእመቤታችንም ጋር ትንሽ ተኳረፍን፤ ጧፉን መልሺልኝ አይባል። ወንድሜ በስልክ «አላልኩሽም?» አለኝ። «ፎርሟ አስቀያሚ ነው ተብዬ ነው» ስለው ደግሞ «ማን ነው ያለሽ? ስሙን ንገሪኝ!» ብሎ ተቆጣ።

በማግሥቱ መዝጋቢዋ ጋ ወርጄ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «የቀረውን ጉድለት ንገሪኝ» አልኳት። «በሦስት ወር ውስጥ ካላስተካከልኩት ተመላሽ ነኝ። ብትራሪልኝ የምትሸኚኝ አንቺ ነሽ።»

«አሁንማ ጥሩ ነው እህቴ፣ ጽሑፉም ወጣ…»

«ንገሪኝ።»

«እንግዲህ ካልሽ…» አለች። ውሃ ጠጣች። «የስሙ ሳጥን አጭር ነው። ኃይለ ምናምን፣ ወልደ ምናምን የሚል ስም ሲመጣ ግማሹ ይደበቃል።»

ጻፍኩ። «እሺ፣ ሌላስ?»

«‹አስቀምጥ› የሚለው ቁልፍ ‹ሰርዝ› ከሚለው ጋር ተጣብቋል። ስንቴ ሰርዤ በልቤ እንደረገምኩሽ! ጌታ ይቅር ይበለኝ።»

«ሌላስ?»

«የቁልፎቹ አረንጓዴ ደግሞ ምንድን ነው? በእናትሽ፣ ማን ነው ይሄንን አረንጓዴ ምረጪ ያለሽ? ዓይኔን እኮ አጠፋው!»

ሌላስ ማለት አላስፈለገኝም። የሦስት ወር ዝምታዋ እንደ ሐምሌ ጎርፍ ወረደ። ፊደሉ ትንሽ ነው፣ ርዕሱ ግዙፍ ነው፣ ከላይ የሚወጣው የምዝገባ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እናቶቹ የሚያውቁት የሀገራችንን ወር ነው፣ ደግሞ ያ የአያት ስም ሳጥን ከሌሎቹ ወጣ ብሏል፣ ቀጥ ብለዋል ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ጆሮዬ ግሎ ነበር። እንደዚያ ተዘልፌ አላውቅም፤ ሀገሬ ማንም አይደፍርም።

የአያት ስምን በሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ግራ አመጣሁት። «አሁንስ?»

«በዛ።»

አንድ ሚሊ ሜትር መለስኩት። «አሁንስ?»

ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ሳበች። «ቆይ» አለች። «ቆይ እስቲ… አይ፣ አሁንም ጠማማ ነው።»